ክረምት ይላል ወረቀቱ

ግራዝማች መርስዔ ኃዘን ወረቀቱን ያቀበሉኝ በጋቢያቸው ጫፍ ይዘው ነው። እጃቸው እጄን እንዳይነካው ነዋ! ቢጠየቁ ‹‹እጄ ቅባት ነክቶት ነበር›› ይሉ ይሆናል። እኔ ግን ያን የጋቢ ጫፍ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ አውቀዋለሁ፤ በቅባት አልታለልም።

‹‹እስቲ አንብበውና በአማርኛ ንገረን›› አሉኝ።

ወረቀቱን የተቀበልኳቸው ቆሜ ነው። ሰባት ሰው በተቀመጠበት ቤት የቆምኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ቀኑ እሑድ ነው፤ ኅዳር 1996 ዓ.ም.፣ ከቅዳሴ መልስ። ከተማችን ሞላሌ እንደዚያ ቀን በርዷት አያውቅም። ወይም የበረደው እኔን ብቻ ነው።

ወረቀቱ ባለቀለም ነው፣ ጣት ላይ የሚያንሸራትት። ሰማያዊ ባሕር፣ ነጭ አሸዋ፣ አንድ ዘንባባ፣ ከዘንባባው ሥር ሁለት ባዶ ወንበሮች። ወንበሮቹን ገና ሳያቸው አንደኛው ላይ ማን እንደምትቀመጥ አወቅሁ። ወሰንየለሽ፣ የግራዝማች ልጅ። ሁለተኛው ላይ ደግሞ እጮኛዋ ምንተስኖት፤ ያ የአዲስ አበባው የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ፣ ሆዱ ከመኪናው ቀድሞት የሚወርደው።

ምንተስኖት ሽማግሌ ልኮ ተፈቅዶለታል። የቀረው የሠርጉን ቀን መቁረጥ ነው። ከወረቀቱ ጋር ደብዳቤ ጽፏል። ደብዳቤውን የወሰንየለሽ ታላቅ ወንድም ፈንታ ለሦስተኛ ጊዜ ጮክ ብሎ አነበበው፤ ሦስቱንም ጊዜ እኔን እያየ።

‹‹ከሠርጋችን ማግስት ለጫጉላ ሽርሽር ሲሼልስ ወደምትባል የባሕር ደሴት በአውሮፕላን እወስዳታለሁ። ለደሴቲቱ የሚስማማውን ወር ከወረቀቱ አይታችሁ እናንተው ምረጡ። ሠርጉም በዚያው ወር ይቆረጥ።››

‹‹ደሴት ማለት እንደ ጣናው ገዳም ያለበት አይደለም እንዴ?›› አሉ እትዬ ዘነበች፣ የወሰንየለሽ እናት። ‹‹ሙሽራ ገዳም ገብታ ምን ልትሠራ ነው?››

‹‹እማማ ደግሞ! ገዳም አይደለም። የሚዋኙበት ነው።››

‹‹የሚዋኙበት? ምን ለብሰው?››

ጎረቤቶቹ ሳቁ። ግራዝማች አልሳቁም። ‹‹ዙሪያው ውኃ ከሆነ ክረምት ሲሞላ ይዟቸው አይሄድም ወይ? እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነው›› አሉ።

‹‹የምን ማሳሰብ ነው አባባ!›› አለ ፈንታ። ‹‹የታወቀ ነገር ነው፤ ጥር ነው። እህሉ ከአውድማ ገብቷል፣ መንገዱ ደርቋል። እዚህ ውርጩ፣ እዚያ ሙቀቱ! ሰው በጥር ካልተደሰተ መቼ ሊደሰት ነው?››

‹‹ፈረንጁ የጻፈውን ሳልሰማ ቀን አልቆርጥም።››

‹‹እንግዲያው ቀጥቃጩ እንግሊዝኛውን ሲቀጠቅጥልን እንየዋ!››

አሁን ሁሉም ሳቁ። እትዬ ዘነበች እንኳ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

ስሜ በኃይሉ ነው። ሥራዬ ፎቶ ማንሳት ነው። አባቴ ቢተው ግን ቀጥቃጭ ነው፤ የአካባቢው ገበሬ ገብሱን የሚዘራበት ማረሻ፣ የሚያጭድበት ማጭድ ከአባቴ ወናፍ ሥር ነው የሚወጣው። በዚያ ማረሻ ታርሶ የበቀለውን ሲበሉ ግን አባቴን ከማዕዳቸው አያቀርቡትም። ዓይናችንን ይፈሩታል። ፎቶ ቤት የከፈትኩ ጊዜ ‹‹የቡዳ ልጅ ደግሞ በመስታወት ሊያየን መጣ›› ተብሎ ሦስት ወር ሙሉ ዝንብ ብቻ ነው የገባልኝ። መታወቂያ ያለ ጉርድ ፎቶ አይሰጥም ሲባል ግን ተሰለፉ። አሁንም እናቶች ልጆቻቸውን ከማስነሳታቸው በፊት ያላየሁ መስሏቸው እንትፍ ይላሉ። አያለሁ። የእኔ ሥራ ማየት ነው።

ወሰንየለሽ ለመምህርነት መታወቂያዋ ልትነሳ የመጣች ቀን፣ ‹‹ወዴት ልይ?›› አለችኝ።

‹‹ወደ ካሜራው መስታወት።››

‹‹ከመስታወቱ ኋላ ማን አለ?››

‹‹እኔ ነኛ።››

‹‹እንግዲያ አንተን አያለሁ›› አለችና ዓይኗን ሳትሰብር አየችኝ። ፎቶው ተበላሸ። እሷን ሳይ መስታወቱን ማስተካከል ረስቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ በፎቶ ፖስታ ውስጥ ስንጻጻፍ ኖርን። እሷ ጎበዝ ጸሐፊ ናት፤ እኔ ስምንተኛን ሳልጨርስ የወጣሁ ነኝ፣ ግን ለእሷ ስጽፍ ብዕሩ ራሱ ይሄድልኝ ነበር። ምንተስኖት ሽማግሌ ከላከ ጀምሮ ግን ሃያ ቀን ሙሉ አንዲት መስመር አልደረሰችኝም። ‹‹በቃ፣ ደሴት ታይቷታል›› አልኩ ለራሴ።

‹‹የእንግሊዝኛ አስተማሪው ለሥልጠና ደብረ ብርሃን ሄዷል›› አሉ ግራዝማች። ‹‹ወሰንየለሽን ብጠይቃት ‹እኔ ፊደል አስቆጣሪ ነኝ፣ ይህን አልችለውም፤ ፎቶ አንሺው በኃይሉ መዝገበ ቃላት አለው፣ እሱ ያንብበው› አለችኝ።››

እሷ ናት ያስጠራችኝ! የሌላ ሰው ሚስት ሆና የምትሄድበትን ወር በእኔ አፍ ልታስመርጥ። ወደ ጓዳው መጋረጃ አየሁ። መጋረጃው ሥር ጫማዋ ይታያል። አይንቀሳቀስም።

እንግሊዝኛው ከባድ አልነበረም። መዝገበ ቃላቴን የገለጥኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ብርቱ ዝናብ ነው ይላል፤ ከሁሉም ጃንዋሪ ይብሳል። ለሽርሽር የሚመረጠው ደረቁና ነፋሻው ጊዜ ነው ይላል፤ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር። ግድግዳቸው ላይ የፈረንጁንና የሐበሻውን ቀን ጎን ለጎን ያደረገ ካላንደር ተሰቅሏል። ቀና ብዬ አመሳከርኩ። ጃንዋሪ ጥር ነው። ጁን ሰኔ። እኛ ጋ ሰማዩ ሲቀደድ እዚያ ያባራል፤ እኛ ጋ ሲያባራ እዚያ ይቀደዳል።

ክረምት ይላል ወረቀቱ።

ክረምት ካለ ሠርጉ ጥር ላይ አይሆንም ማለት ነው። ቢፈጥን ቢፈጥን ጁን የሚገባበት የግንቦት መጨረሻ። ስድስት ወር! አፌን ከፈትኩ።

ያን ጊዜ ፈንታን አየሁት። ጉንጩን በአየር ሞልቶ እየጠበቀኝ ነው።

ሰባተኛ ክፍል አብረን ነበርን። አንድ ቀን አስተማሪው እንግሊዝኛ እንዳነብ አስነሳኝ። ገና አንድ መስመር ሳልጨርስ ፈንታ ከኋላ ሆኖ ጉንጩን ነፍቶ እንደ ወናፍ ‹‹እፉ... እፉ...›› አለ። ክፍሉ ሁሉ ተቀበለው። አርባ ስምንት ልጅ ወናፍ ሆነብኝ። አስተማሪው ራሱ ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ፊት ጮክ ብዬ አንብቤ አላውቅም።

አሁን ‹‹ክረምት ይላል›› ብል ምን ይላሉ? ሙሽራ በሐምሌ ጭቃ! ‹‹የቀጥቃጭ ልጅ ክረምትና በጋ አይለይም›› ይላሉ። ነገሩን የጠረጠረ ካለ ደግሞ ‹‹ቀንቶ ነው፣ ሊያዘገይ ነው›› ይላል። እኔ ደግሞ ለምኜ፣ አጭበርብሬ ሴት የማገኝ ሰው አይደለሁም። ደሴቷን ከፈለገች ትሂድ!

‹‹ጥር ነው የሚለው›› አልኩ።

‹‹አላልኳችሁም!›› ፈንታ ጭኑን መታ።

ከመጋረጃው ኋላ ብርጭቆ ወድቆ ተሰበረ። ‹‹ደስታ ነው›› አሉ ጎረቤቶቹ። እኔም ደስታ መሰለኝ። ግራዝማች ወረቀቱን በጋቢያቸው ጫፍ ተቀብለው መልሰው ዳዊታቸው ውስጥ ከተቱትና ‹‹ተባረክ›› አሉኝ። በሕይወቴ ከዚያ ቤት የሰማሁት የመጀመሪያው ምርቃት ነው፤ ለውሸቴ ነው የተመረቅሁት።

አንገቴን ቀና አድርጌ ወጣሁ። የገበያውን ሜዳ እስካልፍ ኩራት ነው ብዬ ይዤው የነበረው ነገር፣ ፎቶ ቤቴ ደርሼ በሩን ስዘጋ ሌላ ነገር ሆኖ አገኘሁት።

*

ረቡዕ ከትምህርት ቤት መልስ መጣች። ብቻዋን ነበረች። ጣቶቿ ላይ የጠመኔ ብናኝ አለ። ከሃያ ሦስት ቀን በኋላ ፊት ለፊት ሳያት ፊቷ ጠቁሯል፤ ዓይኗ ግን ያው ነው፣ አይሰበርም።

‹‹ጉርድ ፎቶ›› አለች። ‹‹ለፓስፖርት።››

‹‹እንኳን ደስ አለሽ።››

በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ከኋላዋ እኔው ራሴ ግድግዳው ላይ የሣልኩት ባሕር ነበረ፤ ሙሽሮች የሚነሱበት። ዘወር ብላ አየችውና፣ ‹‹ነጭ አቡጀዲ አድርግበት። ባሕር አልፈልግም›› አለች።

‹‹ደሴት የምትሄጅ ሰው ባሕር ትጠያለሽ?››

‹‹አንተ ነህ የላክኸኝ።››

‹‹እኔ? እኔማ ተጠርቼ አነበብኩ እንጂ! ያስጠራሽኝም አንቺ ነሽ!››

‹‹አዎ። እኔ ነኝ ያስጠራሁህ።›› ድምፅዋ ወረደ። ‹‹አንድ ነገር ልጠይቅህ። የተጻፈውን ነው ያነበብከው?››

ካሜራው ኋላ ገባሁ። ሰው ሲያፋጥጠኝ የምደበቀው እዚያ ነው። በመስታወቱ ውስጥ ሳያት ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ግን አይወርድም፣ ይዛዋለች።

‹‹አገጭሽን ትንሽ ቀና አድርጊ›› አልኩ።

‹‹በኃይሉ። የተጻፈውን ነው ወይ?››

‹‹ምን ይለወጣል? መሄድሽ ላይቀር! ጥር ሆነ ግንቦት ሆነ የምትሄጂው ከእሱ ጋር ነው። እኔ ምን አገባኝ? እኔ ወናፍ ነኝ፣ እፍ በሉልኝ ስትሉ እፍ እላለሁ!››

አነሳኋት። ብልጭታው ሲበራ እንባዋ ወረደ። ሌላ ላንሳሽ ልል ስል ተነሳች። ከቦርሳዋ አንድ የፎቶ ፖስታ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች።

‹‹ያለፈው ፎቶዬ ተበላሽቷል። መልሼልሃለሁ›› አለች። በሩ ላይ ደርሳ ቆመች፤ ወደ እኔ አልዞረችም። ‹‹ፈንታን ነበር ፈሪ የምለው። ለካስ ፈሪው ሌላ ሰው ነው።››

ወጣች። የተናገረችው ቃል ግን ከእኔ ጋር ቀረ። ቢሰድቡኝ መልስ አለኝ፤ ለስድብ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ መልስ ሳዘጋጅ ኖሬያለሁ። ይህ ግን ስድብ አልነበረም። ማዘን ነበር።

*

ፖስታው ውስጥ ፎቶ የለም። ደብዳቤ ነው።

‹‹በኃይሉ፣

ወረቀቱን ካንተ በፊት አንብቤዋለሁ። ከአዲስ አበባ እንደመጣ አባባ ዳዊታቸው ውስጥ ባስቀመጡት በማግስቱ፣ ቤት ውስጥ ማንም ሳይኖር። ክረምት ይላል። ጥርን እንዲያውም ‹አትምጡ› ነው የሚለው።

እኔ ‹ክረምት ይላል› ብዬ ብናገር ፈንታ ‹ላለማግባት ነው የምታዘገየው› ይላል፣ አባባም ያምኑታል። ስለዚህ የሌላ ሰው አፍ አስፈለገኝ። ከሞላሌ ሰው ሁሉ ያንተን አፍ መረጥኩ። እንድትዋሽልኝ አይደለም በኃይሉ። የተጻፈውን እንድታነብ ብቻ ነበር።

ወደ ደብረ ብርሃን እንዲያዛውሩኝ አመልክቻለሁ። ዝውውር የሚወጣው በሰኔ ነው። እስከ ሰኔ ጊዜ ባገኝ እኔ ጠመኔዬን፣ አንተ ካሜራህን ይዘን የአባትህን ሥራ ማንም ከማይጠይቅበት ሰፈር ቤት እንከራያለን ብዬ ነበር። ሳትነግሪኝ ለምን ትላለህ። ሃያ ቀን ያልጻፍኩልህ ፈንታ ቦርሳዬን እየፈተሸ ስለሆነ ነው።

እንዲስቁብህ ስላልፈለግህ እንደሆነ ገብቶኛል። መጋረጃው ኋላ ሆኜ ሲስቁ ሰምቻለሁ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ሳትስቅብህ የኖረችውን አንዲት ሰው፣ ለሚስቁብህ ሰዎች ስትል ለሌላ ሰጠሃት።

እሑድ የምንተስኖት ሽማግሌዎች ቀን ሊቆርጡ ይመጣሉ።

ወሰንየለሽ››

ደብዳቤውን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም። መጀመሪያ ተቆጣሁ፤ እኔ የማውቀው ቁጣን ነውና። ለምን ቀድማ አልነገረችኝም? ለምን ፈተነችኝ? ፈንታንም፣ አስተማሪዬንም፣ የጋቢውን ጫፍም ሰደብኩ። ሰድቤ ሰድቤ ስጨርስ የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ፈንታ ያን ቀን አንድ ነገር አላደረገኝም። ጉንጩን ነፋ እንጂ እፍ አላለም። ያጠፋሁት እኔው ነኝ።

ከረቡዕ እስከ እሑድ የሠራሁት ሥራ የለም። ግራዝማች ፊት ‹‹ዋሽቼ ነበር›› ስል ፊታቸው ምን እንደሚመስል እያየሁ፣ እየሸሸሁ፣ ደግሞ እየተመለስኩ ነጋ መሸ።

*

እሑድ ስደርስ ሽማግሌዎቹ ቀድመውኛል። ሦስት ናቸው። ዋናው አቶ አባይነህ የምንተስኖት አጎት ናቸው፤ ካፖርት ለብሰው፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መካከል አቁመው። የነቢያት ጾም ገብቶ ስለነበር ከፊታቸው ቆሎና ጠላ ነው ያለው።

‹‹እንግዲህ በእግዚአብሔር ፈቃድ ጥር አሥራ ስድስት እሑድ...›› እያሉ ነበር አቶ አባይነህ እኔ ስገባ።

‹‹ጤና ይስጥልኝ›› አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ።

‹‹ማን ጠራህ?›› ፈንታ ብድግ አለ። ‹‹ፎቶው ገና ለሠርጉ ነው! ዛሬ አንተን የፈለገ የለም።››

‹‹ለግራዝማች ነው የመጣሁት። ግራዝማች፣ ያን ወረቀት እንደገና ላንብብልዎ።››

‹‹አንብበኸው የለም እንዴ?››

‹‹አላነበብኩትም። ዋሽቻለሁ። ጥር አይልም። ክረምት ነው የሚለው።››

ከዚያ የፈራሁት መጣ። በመጀመሪያ ፈንታ፣ ከዚያ ጎረቤቶቹ፣ ከዚያ ሽማግሌዎቹ። አቶ አባይነህ ሳቃቸው ከዘራቸውን አነቃነቀው።

‹‹በክረምት! ሙሽሪትን ጃንጥላ አስይዘን?››

‹‹ቀጥቃጩ ወናፉን ክረምት ላይ ነው የሚያሞቀው!›› አለ ፈንታ፤ ጉንጩን ነፍቶ ‹‹እፉ... እፉ...›› አለ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሲከተለኝ የኖረው ድምፅ ይኸው መጣ። ቆምኩለት። አልወጣሁም።

‹‹እዚያ ወቅቱ የተገላቢጦሽ ነው›› አልኩ ሳቁ ላይ። ‹‹እኛ ጋ ሐምሌ ሲዘንብ እዚያ ደረቅ ነው። ጥር ደግሞ ደሴቲቱ ላይ ዝናቡ አይጣል ነው ይላል። ዳዊትዎ ውስጥ አለ፤ ያምጡትና ላሳይዎ።››

‹‹ይህ ምቀኝነት ነው!›› አሉ አቶ አባይነህ። ሳቃቸው ቆሟል። ‹‹ግራዝማች፣ በምቀኛ ወሬ የተቆረጠ ቀን ይፈርሳል?››

ግራዝማች እጃቸውን አነሱ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ግን ሲያዩ ያያሉ።

‹‹ያን ቀን ለምን ዋሸህ?››

‹‹እንዳይስቁብኝ።››

‹‹ዛሬስ? ይኸው ስቀንብህ የለም?››

‹‹ዛሬ ከሳቃችሁ የበለጠ የምፈራው ነገር ስላለ ነው።››

ምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ‹‹ማን ይሙት?›› አሉ።

‹‹አባቴ ይሙት።››

‹‹አባትህ ስም የለውም?››

ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ቤት አባቴ ‹‹ቀጥቃጩ›› ነበር። ማረሻው ስም ነበረው፣ ማጭዱ ስም ነበረው፣ እሱ አልነበረውም።

‹‹ቢተው ይሙት!›› አልኩ። ‹‹ክረምት ይላል። ቢተው ይሙት!››

‹‹በቡዳ መሐላ ነው ቀን የምንቀይረው?›› አለ ፈንታ።

‹‹ዝም በል!›› ግራዝማች ጮኹ። ሲጮኹ ሰምቻቸው አላውቅም። ‹‹ሰው በአባቱ ምሏል።››

‹‹አንድ ሰው ምሎ አይበቃም›› አሉ አቶ አባይነህ። ‹‹ሌላ ምስክር ያምጣ። እንግሊዝኛውን ያየ ሌላ ሰው አለው?››

‹‹አለ›› የሚል ድምፅ መጣ።

መጋረጃው ተገለጠ። ወሰንየለሽ ናት። አንድ እጇ መጋረጃውን እንደያዘ ነው፤ ካልያዘችው የምትወድቅ ይመስል።

‹‹እኔ አንብቤዋለሁ አባባ። ክረምት ነው የሚለው።››

‹‹አልችልም አላልሽኝም?››

‹‹ዋሽቻለሁ።››

እትዬ ዘነበች ደረታቸውን ያዙ። ‹‹ምነው ልጄ! ምን ሆነሽ?››

‹‹ሁለቱም ውሸታም!›› አለ ፈንታ። ‹‹አይታያችሁም? ተማክረው ነው!››

‹‹ትማል›› አሉ አቶ አባይነህ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መትተው። ‹‹እውነት ከሆነ እሷም ትማል።››

ግራዝማች ወደ ልጃቸው ዞሩ። በዚያ ቤት ወሰንየለሽ ከልጅነቷ ጀምሮ የምትምለው በማን እንደሆነ የማያውቅ የለም። በአባቷ ነው። እንቁላል ሰበርሽ ሲሏትም፣ በግ አስጠፋሽ ሲሏትም ‹‹አባባ ይሙት›› ነበር መሐላዋ። ግራዝማችም ያን እየጠበቁ፣ ፊታቸውም ትንሽ እየለሰለሰ፣ ‹‹ማን ይሙት?›› አሏት።

አባቷን አየች። ረጅም ጊዜ አየቻቸው፤ ይቅርታ የምትጠይቃቸው ይመስል ነበር። ከዚያ ዓይኗን ከእሳቸው አንስታ፣ በሽማግሌዎቹ ራስ ላይ አሳልፋ እኔ ላይ አሳረፈችው። መስታወት የለም። ካሜራ የለም። የምደበቅበት አልነበረኝም።

‹‹በኃይሉ ይሙት›› አለች።

ሰው የሚምለው በሚሳሳለት ነው፤ ይህን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም። አባት እያለ፣ እናት እያለች፣ ሽማግሌ ፊት፣ እጮኛዋ በላካቸው ሰዎች ፊት፣ የምትሳሳለትን ሰው ስም ጠራች። ‹‹እወደዋለሁ›› ብትል ይሻላት ነበር። ያስተባብሉላት ነበር፣ ልጅነት ነው ይሏት ነበር። ይህ ግን መሐላ ነው፤ አይመለስም።

‹‹በኃይሉ ይሙት፣ ክረምት ይላል›› ብላ ደገመችው። ሁለተኛው ላይ ድምፅዋ ተሰበረ።

አቶ አባይነህ ተነሱ። ካፖርታቸውን ቆለፉ። ‹‹እኛ የመጣነው ወር ለመምረጥ ነበር። የተመረጠው ግን ሌላ ነው። ለልጃችን የሰማነውን እንነግረዋለን›› አሉና ሁለቱን አስከትለው ወጡ። ያቆማቸው ሰው አልነበረም።

ፈንታ ወደ እኔ ተወረወረ። አንገቴን በሸሚዜ አነቀኝ። እጁ እጄን ነካው፣ አንገቴን ነካው፤ ቁጣው መጸየፉን አስረሳው።

‹‹ተው›› አሉ ግራዝማች።

‹‹አባባ! አዋረደችን እኮ!››

‹‹ተው አልኩህ።››

ለቀቀኝ። ግራዝማች ዳዊታቸውን ከራስጌያቸው አነሱ፤ ወረቀቱን ሳብ አደረጉት። ያንን ባሕር፣ ያንን ዘንባባ፣ ሁለቱን ባዶ ወንበሮች አዩ። ከዚያ አንገታቸውን እንደደፉ፣ ‹‹ሰው ፊት የማልሽበትን ታውቂዋለሽ ወሰን?›› አሉ።

‹‹አውቀዋለሁ አባባ።››

‹‹መሐላ በሐሰት ከሆነ የተማለበትን ነው የሚገድለው።››

‹‹ሐሰት አይደለም።››

እትዬ ዘነበች ድምፅ ሳያወጡ ያለቅሳሉ። ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ፣ ጤና ይስጥልኝም ሳይሉ ወጥተዋል። ልውጣ ወይስ ልቁም? ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ። ለእርግማን ተዘጋጅቼ ነው የመጣሁት፤ መልሱንም መንገድ ላይ ሳመላልሰው ነበር።

‹‹አንተ የቢተው ልጅ›› አሉኝ።

‹‹አቤት ግራዝማች።››

ቀና አሉ። ዓይናቸው ቀልቷል።

‹‹ልጄ ባንተ ምላለች። እንግዲህ እንዳትሞት።››

አልሳቁም። ምርቃት ይሁን ማስፈራሪያ አላወቅሁም፤ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። እኔ ስሰደብ እንጂ አትሙት ስባል ምን እንደሚመለስ አላውቅም። ወሰንየለሽ መጋረጃውን ለቃ ቆማለች። እስከዚያ ቀን ሞትን ከሌላው ሰው አብልጬ ፈርቼው አላውቅም ነበር። ያን ጊዜ ፈራሁት። ደስታ እንዲህ የሚያስፈራ መሆኑን ማንም ነግሮኝ አያውቅም።